ምዕራፍ 7፦ የዝንጀሮ ሂሳብ

በምዕራፍ 4 ላይ ኮክ ለምን እንደሚጣፍጥ አይተናል። ዛፍ ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ዘሩን ራቅ አድርጎ የሚጥልለት መንገደኛ ይፈልጋል፤ ለዚህ አገልግሎት የሚከፍለው በስኳር ነው። ፍሬው ሲበስል ቀለሙን የሚለውጠውና ሽታ የሚለቀውም ክፍያው መዘጋጀቱን ለማወጅ ነው። እዚያ ሳናነሳው ያለፍነው ነገር ቢኖር፣ አዋጁ ለሁሉም መድረሱን ነው። ባለጓሮው ችግኝ ገዝቶ፣ በጋውን በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ፣ ከፍየል አጥሮ ያሳደገው ኮክ መቅላት ሲጀምር ገደል ላይ ያደረው ዝንጀሮም ያየዋል።

የላስታዋ ላሊበላ ይህ አዋጅ ከሁለት በኩል የሚሰማባት ከተማ ናት። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ከ4,200 ሜትር የሚያልፈው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ፤ ከበታችዋ መሬቱ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ይወርዳል። የደጋው አውሬ ከላይ፣ የቆላው ከታች፣ መሃል ላይ ደግሞ ኮክ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ፣ አሁን አሁንም አፕል የተተከለበት የላስታ ጓሮ።

ባለጓሮዎች አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቃሉ። አሮጌ ካፖርት በእንጨት ላይ አልብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተውለት፣ የካሴት ክር ቅርንጫፉ ላይ አስረው ያቆሙት ማስፈራሪያ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይሠራል። ሳምንት ሲሆነው ዝንጀሮው ትከሻው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ምን ሆኖ ነው? መልሱ የዚህ ምዕራፍ ብቸኛ ሐሳብ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ የሚመዘዝ ነው።

ቅዳሜ ገበያ

የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ይቆማል። ከየገጠሩ የወረደው ሰው ብር ይዞ ይዞራል፤ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ያወዳድራል። ጥሩ ሽንኩርት በርካሽ ካገኘ ከዚያው ይገዛል። ጥሩ ጥሩው ተመርጦ የቀረው ምራጭ ሲሆን ዋጋው ግን ካልቀነሰ፣ ወደ ሌላው መደብ ይሄዳል። ሻጩን ስለጠላ አይደለም፤ ሂሳቡ ስላላዋጣው ነው።

ዝንጀሮም ገበያተኛ ነው። ብር ባይኖረውም ይከፍላል። ከገደሉ እስከ ጓሮው የሚሄድበት ጉልበት፣ ሌላ ቦታ ሊበላበት ይችል የነበረው ጊዜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በድንጋይ የመመታትና በውሻ የመያዝ አደጋ፣ እነዚህ ሦስቱ ተደምረው የፍሬው ዋጋ ናቸው። የሚያገኘው ከሚከፍለው ሲበልጥ ይበላል፤ ሲያንስ ይተዋል። በአእምሮው ቁጥር እየደመረ ነው ማለቴ አይደለም። የዘመናት ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ በዚያም ላይ የራሱ የዕለት ልምድ፣ ልክ እንደቆጠረ ሆኖ እንዲሠራ አድርገውታል።

ይህ ሐሳብ በግምት ብቻ የቆመ እንዳይመስል አንድ ብልህ ሙከራ ልንገራችሁ። ጆኤል ብራውን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ የተቆጠረ ጥራጥሬ ከአሸዋ ጋር ደባልቆ በትሪ ላይ በማድረግ በረሃ ውስጥ ለሚኖሩ አይጦችና መሰሎቻቸው አቀረበ። አንዱን ትሪ ከቁጥቋጦ ሥር፣ ሌላውን ገላጣ ቦታ ላይ። የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች ማግኘት ቀላል ነው፤ እየቀነሱ ሲሄዱ አሸዋውን መቆፈሩ ይበዛል፤ በመጨረሻ እንስሳው ትቶት ይሄዳል። ብራውን የቆጠረው የተበላውን ሳይሆን የቀረውን ነው። አደጋ በበዛበት ትሪ ላይ ብዙ ይቀራል፤ ደህና በሆነበት ትሪ ላይ እስከ ጥግ ይለቀማል። እንስሳውን ሳያናግረው፣ ፍርሃቱን በጥራጥሬ ቁጥር ለካው ማለት ነው።

ይህን መለኪያ ባለጓሮው ያለ ምንም መሣሪያ ሊጠቀምበት ይችላል። ጠዋት ተነስቶ ዛፎቹን ይመልከት። ወደ ገደሉ ያለው ኮክ ጥሬው ሳይቀር ተራግፎ፣ ከቤቱ ደጃፍ ያለው ግን ጥቂት ፍሬ ብቻ ተነክሶ ከተገኘ፣ የሁለቱ ልዩነት ደጃፉ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የሚቆጥረው የጠፋበትን ነው፤ የሚያስተምረው ግን የተረፈለት ነው። ሳይነካ ያደረው ቅርንጫፍ ለምን እንዳልተነካ የገባው ሰው መፍትሔውን ግማሽ ያህል አግኝቷል።

መጀመሪያ ከመቀመጫዬ

እሾህ የወጋትን ዝንጀሮ ከየት እንንቀልልሽ ቢሏት፣ መጀመሪያ ከመቀመጫዬ አለች ይባላል። የእንስሳት አጥኚዎችም ቢሆኑ ይህን አይነቅፉም። ዝንጀሮና ጭላዳ መቀመጫቸው ላይ የደነደነ ቆዳ አላቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጠባብ የገደል ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው የሚያድሩት በእሱ ነው። ገደሉ ነብርና ጅብ በቀላሉ የማይደርሱበት መኝታ ነው። የዕለቱ ሂሳብ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ሲሆን፣ ከገደሉ በተራቁ ቁጥር የመመለሻው መንገድ እየረዘመ ዋጋው ይንራል።

እዚህ ላይ ስም ሳንለይ እንዳንፈርድ። በላስታ ደጋ መንጋ ሆኖ የሚታየው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር አይገኝም። ሣር ዋና ምግቡ የሆነ ብቸኛው የዝንጀሮ ዘመድም እሱ ነው። ገብስ ማሳ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ለኮክ ግን ብዙ አይጨነቅም። ያገኘውን ሁሉ የሚበላው ዝንጀሮ ሌላ ነው፤ ፍሬ፣ ሥር፣ እህል፣ ትል፣ የወፍ እንቁላል፣ የቤት ጥራጊ አይመርጥም። ጦጣ ደግሞ አነስ ያለች፣ በትንሽ ቡድን የምትመጣ፣ ከዛፍ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ጣሪያ የምትዘል ናት። ለእያንዳንዳቸው ዋጋው ይለያያል። ለጦጣ ዛፍ የሌለበት ገላጣ ሜዳ በጣም ውድ ነው፤ ጎልማሳ ወንድ ዝንጀሮ ግን ያንኑ ሜዳ ሳይጣደፍ ያቋርጠዋል።

ስለዚህ ሥራው ከዛፉ ሳይሆን ከመንገዱ ይጀምራል። በገደሉና በጓሮው መካከል ያለው ቁጥቋጦ ለእንስሳው የተሸፈነ መግቢያ ነው፤ ሲመነጠር ሳይታይ የመድረስ ዕድሉ ይጠፋል። ከአጥር ውጭ ተዘርግቶ ወደ ጣሪያ የሚያሻግር ቅርንጫፍ ካለ ይቆረጥ። አዲስ የሚተክል ሰው ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ ፍሬ ከሚተክል፣ እዚያ ጌሾ አድርጎ ኮኩን ከቤቱ አጠገብ ቢያቆመው ይሻለዋል። በኡጋንዳ ኪባሌ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የሰብሉ ጉዳት በመንደሮቹ ላይ እኩል አልተከፋፈለም፤ የጫካው ጠርዝ ላይ የሚያርሱት ጥቂት ገበሬዎች ብዙውን ተሸከሙት።

ሽኮኮን በተመለከተ ሂሳቡ ይበልጥ ቀላል ነው። ሽኮኮ ከድንጋይ ስንጥቅ ብዙ አይርቅም፤ አንዱ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ሌሎቹ ይበላሉ፣ ጠባቂው ሲጮህ ሁሉም ይገባሉ። በላስታ ጓሮ ግን ያንን ስንጥቅ የምናዘጋጅለት እኛው ነን። የእርከን ካብ፣ ለግንባታ የተከመረ ድንጋይ፣ የፈረሰ ግድግዳ ሁሉ ቤቱ ነው። ክምሩን ከዛፉ ማራቅ፣ የካቡን ቀዳዳ በጭቃና በጠጠር መድፈን ከማንኛውም ጩኸት ይበልጣል።

የማይጠየቅ ዋጋ

አሁን ወደ ባለካፖርቱ ማስፈራሪያ እንመለስ። ገበያ ላይ አንድ ሻጭ ከፍ ያለ ዋጋ ጠርቶ፣ ዕቃው ሲነሳበት ግን ሳንቲም ባይጠይቅ፣ ገዢው ምን ያህል ጊዜ ይፈራዋል? ማስፈራሪያ የተጠራ ዋጋ ነው። ሄዶ የሚቀበል ሰው ከሌለ ፍሬው በነፃ ነው።

እንስሳው ይህን የሚደርስበት መንገድ መላመድ ይባላል፤ ከትምህርት ዓይነቶች ሁሉ ቀላሉና ጥንታዊው ነው። አንጎል የሚባል ነገር ብዙም የሌለው ፍጥረት እንኳ ይችለዋል። ኤሪክ ካንዴል የተባለው ሳይንቲስት ያጠናው ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣን ነበር። ሰውነቷ ላይ ሲነኳት መተንፈሻዋን ትሰበስባለች፤ ምንም ጉዳት ሳይከተል ደጋግመው ሲነኳት መሰብሰቧን እየቀነሰች ትሄዳለች። ካንዴል ይህ የሚሆነው የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ኬሚካል ስለሚቀንስ መሆኑን አሳየ፤ በእነዚህና በተከታዮቹ የማስታወስ ጥናቶቹም እ.ኤ.አ. በ2000 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላ ግኝትም አለ። ንክኪው በአንድ ቀን ሲያልቅ መላመዱ ቶሎ ይጠፋል፤ ለተከታታይ ቀናት በየዕለቱ ሲደገም ግን ለሳምንታት ይቆያል። ዓመቱን ሙሉ ጓሮ ውስጥ የሚቆም ማስፈራሪያ በየቀኑ ትምህርት እየሰጠ ነው፤ ትምህርቱም አትፍራኝ የሚል ነው።

በዚህ መላመድ መናደድ አይገባም። በነፋስ የሚንቀሳቀስ ቅጠል ሁሉ የሚያባርረው እንስሳ በረሃብ ይሞት ነበር።

ጦጣዎች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። ዶሮቲ ቼኒና ሮበርት ሴይፋርት በኬንያ አምቦሴሊ ያጠኗቸው ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ ጩኸት አላቸው፤ የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ ያያሉ፣ የእባቡን ሲሰሙ ቆመው ሣሩን ይመረምራሉ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ሌላ ሙከራ የአንዲትን ጦጣ ድምፅ ቀድተው፣ ሌላ መንጋ መጣ የሚለውን ጥሪዋን ምንም መንጋ በሌለበት ደጋግመው አሰሙ። ሰሚዎቹ ቀስ በቀስ ዘወር ብለው ማየቱን ተዉት። ያችው ጦጣ ተመሳሳይ ትርጉም ባለው ሌላ ጥሪ ስትጠራም አላመኗትም። ሌላ ጦጣ ስትጠራ ግን ቀና አሉ። አለማመናቸው ያረፈው በዋሿ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባር ሰፊ ነው። በመጀመሪያ፣ ማስፈራሪያ የሚወጣው ፍሬው ሊበስል ሲል ነው፤ ለቀማው እንዳለቀ ይነሳ፣ ጎተራ ይግባ። ሁለተኛ፣ ቦታውንና መልኩን ሳይለውጥ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቁም፤ ዛሬ ካፖርት ከሆነ ከነገ ወዲያ የሚያብለጨልጭ ሲዲ፣ ከዚያ ደግሞ ምንም። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጠባቂው አልፎ አልፎ ያንኑ ካፖርት ለብሶ፣ ያንኑ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ማስፈራሪያው በቆመበት ቦታ ይቁምና ዝንጀሮው ሲቀርብ በወንጭፍ ያባርረው። ከዚያ በኋላ የካፖርቱ ዋጋ የሚጠየቅ ዋጋ ይሆናል። አራት ዓይነት ጩኸት ከመግዛት አንድ እውነተኛ ወንጭፍ ይሻላል፤ ዒላማው ሜዳውና ቅርንጫፉ እንጂ የእንስሳው ራስ መሆን የለበትም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ዛፉ ከተራገፈ በኋላ የሚደረግ ጥበቃ ለእንስሳው ምንም አያስከፍለውም። ከባዱ ቅጣት የመጀመሪያውን የበሰለ ፍሬ ሊቀምስ በመጣበት ዕለት መሆን አለበት፤ ጣዕሙን ሳያውቀው የተባረረ እንስሳ በቀላሉ ትቶት ይሄዳል፤ አንዴ የቀመሰ ግን ለዚያ ጣዕም የበለጠ ለመክፈል ዝግጁ ነው። ጥበቃው ሰዓቱን የጠበቀ ከሆነም ይለመዳል። ዝንጀሮ ባሕረ ሐሳብ አይቆጥርም፤ ግን ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ግቢው ጭር ያለበትን ጠዋት ከገደሉ ላይ ሆኖ ያየዋል። ላስታን በመሰለ በዓል በበዛበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በገና ሰሞን ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ባለቤቱ ሁሉ ሲባዝን፣ ጓሮው ያለ ሻጭ የተተወ መደብ ነው።

ጠባቂው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች ገበሬዎች እንደሚናገሩት ዝንጀሮና ጦጣ ልጆችንና ሴቶችን ከጎልማሳ ወንዶች ያነሰ ይፈራሉ። ሆኖም ጥበቃው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ለልጅ ነው። በጋና አንበሳና ነብር ከተመናመኑ በኋላ ዝንጀሮ በዝቶ፣ ልጆች ማሳ ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት እስከ መቅረት እንደደረሱ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ለአንድ ዛፍ ኮክ የልጅ ትምህርት ዋጋ ከተከፈለ፣ ሂሳቡን የሳተው ዝንጀሮው አይደለም።

ሌሊት የሚመጣው

ጃርት በወንጭፍ አይባረርም፤ የሚመጣው ስንተኛ ነው። ጉዳቱም ከፍሬው ያልፋል፤ ግንዱን ከሥሩ ይልጣል። በምዕራፍ 2 እንዳየነው ቅጠል የሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ በታች ባለው ቀጭን ሽፋን ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል፤ ዛፉ ለጥቂት ጊዜ ለምልሞ ቆይቶ ይደርቃል። ግንዱን እስከ ጉልበት ድረስ በቆርቆሮ መጠቅለል ይበቃል፤ ግንዱ ሲወፍር እንዳያንቀው ግን በየዓመቱ መላላት አለበት። አጥር ከሆነ ደግሞ ጃርት ቆፋሪ ነውና ግርጌው በድንጋይ ወደ ታች ይቀበር።

ሚጥሚጣ ዘፍዝፎ፣ እንዲጣበቅ ጥቂት ሳሙና ጨምሮ ግንዱን መቀባትም ይረዳል፤ ዝናብ ባጠበው ቁጥር ግን ይደገማል። ሚጥሚጣ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የአጥቢ እንስሳትን የሙቀት ስሜት ነርቭ ይቀሰቅሳል። የወፍ ነርቭ ግን ለእሱ ደንታ የለውም። በርበሬ ጥንቱንም ደንበኛውን መርጦ ነው የሸጠው፤ ዘሩን ለሚፈጩ ጥርሶች ውድ፣ ሳያላምጡ ውጠው ለሚበትኑት ወፎች ነፃ። ስለዚህ ወፍን በሚጥሚጣ ለማባረር የሚሞክር ሰው ቅመሙን በከንቱ ይጨርሳል።

ለወፍ ያለው መፍትሔ ፍሬውን መሸፈን ነው። ያረጀና የማይታደርበት አጎበር ለትንሽ ዛፍ ይሆናል፤ ወፍ እንዳይጠላለፍበት ተወጥሮ ይታሰር። ካልሆነም ጥሩ ጥሩውን ዘለላ በወረቀት ከረጢት መክተት፣ ጫፍ ላይ ያለውን ለወፎቹ መተው። ትል የሚለቅሙልን እነሱ ስለሆኑ ያን ያህል ደመወዝ አይበዛባቸውም።

ውሻና መርዝ

ጥሩ ውሻ የጓሮን ዋጋ ከማንም በላይ ያስወድዳል፤ ይንቀሳቀሳል፣ ሰዓቱ አይታወቅም፣ ዛቻውም እውነት ነው። በላስታ ግን ውሻ የሚያስከትለው ሌላ ዕዳ አለ። አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በመላው ዓለም የቀረው ከ500 ያነሰ ነው፣ ያውም ሁሉም በኢትዮጵያ። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ዝንጀሮ ሊያባርር ተራራ የሚወጣ ውሻ መከተብ አለበት፤ ክትባቱ የባለቤቱን ልጆችም ይጠብቃል።

መርዝን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይነካ። መርዝ ማን እንደሚበላው አይመርጥም። የሞተውን ዝንጀሮ ጥንብ አንሳና ውሻ ይበሉታል። አበባ ላይ የተረጨው ደግሞ ማር ለሚሠራው ንብ ይተርፋል፤ ንብ ከሌለ፣ በምዕራፍ 5 እንዳልነው፣ አፕሉ አያፈራም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደልም በሕግ ያስቀጣል። በዚያ ላይ ከንቱ ነው፤ ባዶ የቀረው ገደል ፍሬው እስካለ ድረስ ሌላ መንጋ ያገኛል።

የጎረቤት መደብ

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ቀዳዳ አለው። አንዱ መደብ ሲወደድ ገዢው ወደ ጎኑ ያልፋል። ጓሮውን ያስወደደ ሰው ዝንጀሮውን ወደ ጎረቤቱ ሰዷል ማለት ነው። ጎረቤቱ ደካማ አሮጊት ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ከእንስሳ ጉዳይነት ያልፋል። መንደሩ በሙሉ ዋጋውን በአንድ ሰሞን ሲያንር ነው ገደሉ ላይ ያለው ሣርና የዱር ፍሬ የተሻለ ገበያ የሚሆነው። ተራ የሚገባ ጥበቃ፣ በአንድ ሳምንት የሚመነጠር ቁጥቋጦ፣ የማይጣል ጥራጊ፣ ከዛፍ ሥር በየማታው የሚለቀም የወደቀ ፍሬ በእድር ወይም በሰንበቴ ላይ ሊነሱ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። ገደሉ ላይ ያሉትን አጋምና ኮሸም ለማገዶ መቁረጥም የተፎካካሪውን ገበያ መዝጋት ነው።

በድርቅ ዘመን ይህ ሁሉ ይናጋል። የራበው ገዢ የትኛውንም ዋጋ ይከፍላል፤ ወንጭፉንም ውሻውንም ችሎ ይገባል። ያኔ የሚያዋጣው ዕቃውን ከገበያ ማንሳት ነው። ኮክ፣ አፕል፣ ዘይቱን፣ አቮካዶና ማንጎ ለመብሰል ከደረሱ በኋላ ከተቀጠፉ ቤት ውስጥም ይበስላሉ፤ ራሳቸው የሚያመነጩት ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያበስላቸዋል። ሎሚና ብርቱካን ግን ከተቀጠፉ በኋላ አይጣፍጡም፤ እነሱ ዛፉ ላይ ይጠበቁ። የኮክን መድረስ የሚናገረው ቀይ ጉንጩ አይደለም፣ የሥረኛው ቀለም ነው፤ አረንጓዴው ለቆ ወደ ቢጫ ሲያደላ ከነአጭር እንጨቱ ይቀጠፍ፣ ሳይነካካ ጭድ ላይ ይደርደር፣ በጨርቅ ይሸፈን። አንድ የበሰለ ፍሬ መሃላቸው ቢቀመጥ ጋዙ ሌሎቹን ያፈጥናቸዋል፤ የበሰበሰ ካለ ግን በየቀኑ ይለቀም።